የእንግዳው ጠመንጃ

አባቴ የተሸነፈው ጦር የተኩስ አስተማሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ዳባት የደረሰው በእግሩ ነው፤ ከያዘው ሁሉ የተረፈው አንድ የተኩስ ማስተማሪያ መጽሐፍ ብቻ። እናቴ፣ "ሰው ከዘመቻ ሲመለስ ብርድ ልብስ እንኳ ያመጣል፤ የእኔው ወረቀት ተሸክሞ መጣ" እያለች ታበሽቀው ነበር።

እሱ ግን መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከዳዊቱ ጋር አስቀመጠው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ እኔና ታላቅ ወንድሜ ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥለን ነው ያጠናነው፦ ጠመንጃ እጅህ ሲገባ ክፈት፣ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። የሰፈሩ ገበሬዎች እንዲያጸዳላቸው ሲያመጡለት እንደዚያው ያደርግና ምሰሶው ላይ ካለው የቀንድ መስቀያ ይሰቅለዋል። ከዚያ ቀንድ ላይ ያለ ጠመንጃ ባዶ ነው። ይህን ድመታችንም ሳታውቀው አትቀርም።

ወንድሜ ቡይት ራስ ላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ባሉበት ፓርክ፣ ጥበቃ ሆኖ ሊቀጠር ተመዝግቦ የተኩስ ፈተና ይጠብቅ ነበር። ካልሆነለት ለቀን ሥራ ሑመራ መውረዱ ነው፤ እናቴ ደግሞ የሑመራን ወባ ከጦርነት አብልጣ ትፈራለች። አባባ በተገኘው ጠመንጃ ሁሉ ያለማምደው ነበር። እኔ በጎን ቆሜ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጣለሁ፣ ወንድሜ የመተኮሻውን ምላጭ በጣቱ ቀስ አድርጎ ይስባል። ሳንቲሟ ካልወደቀች እጁ ጸንቷል ማለት ነው። ከፊት መቆምን አባባ በባዶም አይፈቅድም።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የእናቴ አጎት የድሮ ጠመንጃቸውን አንግተው ከመካነ ብርሃን መጡ። በእኛ አገር የእንግዳን ጠመንጃ ተቀብሎ መስቀል የባለቤት ወግ ነው። በፊቱ ከፍቶ መፈተሽ ግን አላምንህም ማለት ነው። አባባ ተቀበላቸው፤ ሊከፍተው እጁ ወደ ቃታው ሄደ። እናቴ "ተው" በሚል ዓይን አየችው። እጁን መለሰና ጠመንጃውን ሳይከፍት ቀንዱ ላይ ሰቀለው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ጧት ትልልቆቹ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄዱ። ወንድሜ ጠመንጃውን አወረደ።

"እታለም፣ ሳንቲም አምጪ።"

"ዛሬስ መጀመሪያ እኔ ልሞክር።"

"ጭላዳዎቹን ልትጠብቂልኝ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ወደ እኔ እያየ፣ እየሳቀ ቃታውን ወደ ኋላ ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ውስጡን አላየም። ለምን ያያል፤ ከቀንዱ ላይ ያወረደው ነው። ጠመንጃውን ሰጠኝ፣ ሳንቲሟን አስቀመጠና አለመውደቋን ሊያይ ከአፈሙዙ ፊት ጎንበስ አለ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ቀስ አድርጌ ሳብኩ። መጽሐፉ፣ ጥሩ ተኳሽ ጥይቱ መቼ እንደሚወጣ ራሱም አያውቅም ይላል። እኔም አላወቅሁም።

ሽማግሌው "ደሙ የእኔ ነው" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ዋሉ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ፣ እግዜር ያመጣው ነው ይለኛል። እግዜር ምን አደረገ ብዬ በሆዴ እናደዳለሁ። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። አባባ ቀንዱን ከምሰሶው ነቀለው፤ ከዚያ ወዲያ የማንንም ጠመንጃ አልነካም። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ዝም ሲለኝ አንጀቴ ውስጥ ቀረ።

አባባ ያረፈ ጊዜ የመጽሐፉን ጨርቅ ፈታሁት። ከመጀመሪያው ትእዛዝ አጠገብ፣ እርሳሱን ተጭኖ፣ "የእንግዳም ቢሆን" ብሎ ጽፎበታል። ስንት ዓመት ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ወስዶት ነው የሄደው። አባባ፣ ምላጩን የሳበው ጣት ግን የእኔ ነው፤ ይኸው፣ ይህንንም የሚጽፈው እሱው ነው።