የተዘጋ በርና የደረቀች ላም

የወተት ማኅበራችን ኮምፒውተር ከገዛ ወዲህ በስብሰባ ላይ የምንነጋገረው ግድግዳ እያየን ነው። የአባላቱ ስም በየመስመሩ ይወጣል፤ ከጎኑ በየሳምንቱ ያስገባነው ወተትና አማካዩ፣ ከዚያ ቀለም። አረንጓዴ ደህና ነው። የከብት መኖ ያነሰ ጊዜ ግን ከታች ያሉት ቀይ ይሆናሉ፤ ድርሻም አያገኙም። ደንቡ ሲጸድቅ እጃቸውን ካወጡት አንዷ ነኝ። ብዙ ያስገባ ይቅደም ማለት ፍርድ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስለኛል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየና ከሮቤ እስከ ዲንሾ ሣር ጠፋ። ከዱቄት ፋብሪካ የሚመጣልን ፉርሽካም ለሁሉ እንደማይበቃ ተነገረን። ከፋሲካ በኋላ ሮቤ ተሰብስበን ሪፖርቱ ግድግዳው ላይ ሲበራ፣ ወተታቸውን ጎባ የሚያስረክቡት ሴቶች በሙሉ ቀይ ሆነው ወጡ።

አንዷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ያላት አንዲት የምታጠባ ላም ናት። ስብሰባው ሳይጀመር፣ ላሟ ጎኗ አጥንት ብቻ እንደሆነና ፉርሽካው ከቀረባት ከነጥጃዋ እንደምትሸጣት ነግራኛለች። ቀዩን ስታይ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ቁጥር ግን አነባለሁ። ተነሥቼ ይህች ሴት ጾሙን ሙሉ እንዴት ዜሮ ትሆናለች አልኩ። ሪፖርቱን የምትሠራው ልጅ ከሌላ ክልል መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች፣ ሰው አክባሪ ናት። በእነዚያ ሳምንታት ከጎባ የተጻፈ ነገር እንዳልመጣ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ደግሞ ኮምፒውተሩ ዜሮ ብሎ እንደሚደምረው አስረዳችኝ።

«ልጄ፣ በሁዳዴ የጎባ መቀበያ እንደሚዘጋ የነገረሽ የለም?»

የነገራት አልነበረም። ሁላችንም ስለምናውቀው ማናችንም አላልነውም። ጎባ ያሉ ደንበኞቻችን ሻይ ቤቶች ናቸው፤ በጾም ወተት አይወስዱም። ስለዚህ መቀበያው ይዘጋል፣ ሴቶቹም ወተታቸውን ይንጣሉ። ሮቤ ግን ከሙስሊም ደንበኞቻችን ብዛት የተነሣ በሩ ተዘግቶ አያውቅም።

የወንበር ጎረቤቴ ያኔ አፏን ከፈተች። «እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ሁዳዴ አልጾምኩም። ላሜም አልጾመችም» አለች፤ ቤቱ ሳቀ።

ሊቀመንበራችን ፉርሽካውን የጫነው መኪና በማግስቱ እንደሚመጣ፣ ያላየነውን ወተት ደግሞ ወተት ልንለው እንደማንችል ተናገረ።

«በርህን ዘግተህ እንግዳ አልመጣልኝም ትላለህ?» አልኩት።

ባዶው ቀን ጨርሶ አይቆጠር፣ አማካዩ ወተት በተጻፈባቸው ቀኖች ብቻ ይውጣ ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጅቱ እሺ ብላ ቁልፎቹን ነካካች። የጎባ ሴቶች አረንጓዴ ሆኑ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ከዝርዝሩ ወገብ ዝቅ ብሎ አረንጓዴ የነበረው የእኔ ስም ከላይ ተሰቅሎ አየሁት። አንድ የሮቤ ሰው ደግሞ፣ በየማለዳው ትንሽ በትንሽ የሚያስገባ፣ ወርዶ ቀይ ሆኗል።

ልጅቱ ወደ እኔ ጠጋ አለች። እዚህ አገር በተማረችው የኦሮምኛ የአያት መጠሪያ፣ «አኮ፣ የእርስዎም ባዶ ነው እኮ። አይቆጠር ካልን እርስዎም ባላመጡበት ቀን አይጠየቁም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ላሜ በጾሙ እኩሌታ ደርቃ ነበር። ከዚያ በፊት በደንብ አስገብቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሮቤ መቀበያ በየማለዳው ሲከፈት እኔ ቤቴ ነበርኩ።

«እማማ፣ ዛሬስ ፍርዱ ለራስዎ ቀናዎት» አለ ሊቀመንበሩ።

ጎረቤቴ ቀሚሴን ጎትታ ይተዉት አለችኝ፤ ሁለታችንም ካገኘን ምን ጎደለን ብላ። ላሜ እርጉዝ ነበረች፣ ፉርሽካው ለእሷም ያስፈልጋት ነበር። ቢሆንም ያ ቀይ የወጣው ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል።

«የተዘጋ በርና የደረቀች ላም አንድ አይደሉም» አልኩ። «የእኔን ዜሮ አድርጊው።»

ልጅቱ ኮምፒውተሩ ሁለቱን በምን እንደሚለይ ጠየቀችን። ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የትኛው መቀበያ መቼ ተዘግቶ እንደነበር ነገርናት፤ የተዘጋበትን ግራጫ ቀብታ ከስሌቱ አወጣችው፤ በር ተከፍቶ ወተት ያልመጣበትን ዜሮ አለችው። ወተቱ ውሃ አለው ተብሎ የተመለሰበት አንዱ የእኔም ግራጫ ይሁን ብሎ ተከራከረ፤ ተሳቀበት። ሲጨረስ ጎረቤቴ አረንጓዴ ናት፣ ሰውዬውም አረንጓዴ። እኔ፣ የጎባ ሴቶች ስላለፉኝ፣ ቀይ።

በማግስቱ ፉርሽካው መጣ። ጎረቤቴ ጆንያዎቿን የጎባ ሚኒባስ ላይ ስታስጭን አንዱን ልተውልዎት አለችኝ።

«ያንቺ ላም የምትበላው ነው፤ ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ» አልኳት።

የእኔዋ በገብስ ገለባ ከረመች። ከሳች፣ ዝናቡ ሲገባ ግን በሰላም ወለደች። ጥጃዋ ትንሽ ናት።