የገብስ አገዳ ምርኩዝ

ባለፈው ማክሰኞ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ሜዳ ላይ ሰብስበው ጫማችንን አስወለቁን። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ኮርስ ነው። እኔ እንደ ሌላው ትምህርት መስሎኝ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አላስፈለገም። በአንድ እግራችሁ ቁሙ አሉን፤ ቆምን። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ አሉ። ወዲያው ዙሪያዬ በሳቅና በመውደቅ ድምፅ ተሞላ። እኔ በግራ እግሬ ቆሜ ቀረሁ። የውስጥ እግሬ ከሣሩ ሥር ያለውን ቀዝቃዛ አፈር ሲዳስስ፣ ክብደቴም ከተረከዜ ወደ አውራ ጣቴ ሄዶ ሲመለስ በደንብ ይሰማኝ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ መምህሩ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። የት እንደተማርኩት ጠየቁኝ። ደንግጬ ስለነበር የመጣልኝ እውነቱ ብቻ ነው፤ "አውድማ ላይ" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ማብራሪያ የሚጠብቁ መሰሉ። እኔም ማስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ሰዓቱ አለቀብን። መልሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ ሲመላለስ ሰንብቷል።

አሥረኛ ክፍል የተማርኩት ደባርቅ ነው። ቤታችን ከከተማው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል፤ ወደ ዳባት ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወንዝ ከሚወርድበት አንድ ጥልቅ ሸለቆ ማዶ ነው። እንደ እኔ ያሉ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ ለሁለት ለሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይሄዱና እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ድርቆሹ ለቀሪዎቹ። ሽሮ አለ፣ የገብስ ቆሎ አለ፣ ሲገኝ ድንች ይጨመራል። እሑድ ከሰዓት ደባርቅ መግቢያ ላይ የቆመ ሰው፣ ጀርባቸው ያበጠ ተማሪዎች ከየአቅጣጫው ሲመጡ ያያል። ስንቁን መሸከም የማይችል ልጅ መማር አይችልም። ይህን ሕግ አድርጎ የጻፈው ሰው የለም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር።

እኔ የወደቅኩት በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከጓደኛዬ ከእመቤት ጋር ወደ ከተማ ስንመለስ ነው። አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ የሸለቆው ቁልቁለትም ጭቃው አልደረቀም ነበር። ስንቄን በአንድ ገመድ አስሬ በቀኝ ትከሻዬ ላይ ብቻ አንጠልጥዬው ነበር። አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ከዳኝ፤ ሸክሙም ጎተተኝ። ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ። አባቴና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙኝ። ሐኪም ቤት በጀሶ ታሰረልኝ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፣ ከእንግዲህ ቀስ እያልሽ ርገጪው ተባልኩ። "ቀስ እያልሽ" ማለት እንዴት እንደሆነ ግን አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ።

እናቴ ከግድግዳው ላይ የአያቴን መቋሚያ አወረደችልኝ። አያቴ ቄስ ነበሩ። መቋሚያው ካህናት ማሕሌት ሲቆሙ የሚይዙት፣ ጫፉ ላይ አግዳሚ ራስ ያለው ረጅም ዘንግ ነው፤ እርሳቸው ካረፉ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። በረከቱ ያቆማታል ብላ ሰጠችኝ። እኔም ራሱን ብብቴ ሥር አስገብቼ ተንጠለጠልኩበት። አያቴ ረጅም ሰው ስለነበሩ ትከሻዬ ጆሮዬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግራ እግሬ መሬት የሚነካው በጣቶቹ ብቻ ነበር። ወገቤ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ከዚያ ቀኝ ዳሌዬ ተከተለ። ካልተሰበረው ጎኔ የሚመጣው ሕመም ከተሰበረው ባሰ።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የካቲት ላይ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ እስከዚያ ከመጣሁ ያለፈኝን ፈተና እንደሚፈትነኝ በእመቤት በኩል ልኮብኛል። አባቴ ነገሩን ሰምቶ ቁርጡን ነገረኝ።

"ስንቅሽን ተሸክመሽ ወንዙን ከተሻገርሽ ትሄጃለሽ። ካልሆነ ዘንድሮን እዚሁ ነሽ።"

ጨክኖ አልነበረም። ቃሬዛውን የተሸከመው እሱ ነው። እመቤት የራሷን ስንቅ እንጂ የሁለት ሰው መሸከም አትችልም፤ እሱም እርሻውን ጥሎ በየሁለት ሳምንቱ ሊያመላልስልኝ አይችልም። እኔን ያስፈራኝ "ዘንድሮ" የሚለው ቃል ነበር። በሰፈራችን አንድ ዓመት ቤት ውላ እንደገና ደብተር የገዛች ልጅ አላውቅም። ስለዚህ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ መቋሚያዬ ላይ እየተንጠለጠልኩ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት በየቀኑ እወጣ ጀመር። በሳምንቱ እግሬ አበጠ።

መሪጌታ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። መሪጌታ ይኄይስ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዳባት አካባቢ ባለ ደብር አቋቋም ያስተምራሉ። እኛ ቤት ሁሉም በማዕረጋቸው ነው የሚጠራቸው፤ እናቴ ብቻ ወንድምጋሼ ትላቸዋለች። የመጡት ለገብስ ውቂያ ሊያግዙን ነበር። ገና በቅሏቸውን ሳያስሩ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ብብቴ ወረደ።

"ይህ የአባቴ መቋሚያ አይደለም?"

"ነው፣ ወንድምጋሼ" አለች እናቴ። "በረከቱ ያቁማት ብዬ ነው።"

"በረከቱስ ያቁማት። ብብቷ ሥር ምን ይሠራል?"

መሪጌታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ እኔ ቀረቡ። "ማሕሌት ስንቆም መቋሚያው የሚያቆመን ይመስልሻል? እሱ ላይ የተንጠለጠለ ደብተራ ሳይነጋ ወገቡ ተይዞ ይቀመጣል። የምንቆመው በእግራችን ነው፤ እሱን ያዝ ብቻ ነው የምናደርገው።"

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ውርጩን ካቀለጠች በኋላ፣ አውድማው ላይ ወሰዱኝ። አውድማችን በእበት የተለቀለቀ፣ እንደ መደብ የተስተካከለ ነው። ከዳር በኩል እብቅ በተኑበትና በባዶ እግሬ መቋሚያውን ይዤ እንድሻገር አዘዙኝ። ከዚያ ዞረሽ ዱካሽን እዪ አሉኝ። የቀኝ እግሬ ዱካ ሙሉ ነበር፤ ተረከዙ ጠልቋል። የግራው አምስት ጣት ብቻ ነው፣ የዶሮ ጭረት ይመስላል። ለሁለት ሳምንት ያህል ስራመድ እንዴት እንደምራመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አፈርኩ። መሪጌታ ግን ደስ ያላቸው መሰሉ።

"ተገኘ" አሉ። "የጠፋሽ ተረከዝሽ ነው።"

መቋሚያውን ተቀብለው ራሳቸው ወስደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ሲመለሱ ካልተወቃው ክምር ውስጥ ሲመርጡ ቆዩና ወገቤ ድረስ የሚደርስ አንድ የገብስ አገዳ መዘው ሰጡኝ። ምርኩዝሽ ይኸውልሽ፣ ከተደገፍሽው ይታጠፋል አሉኝ። በር ላይ ቆማ የምታየው እናቴ አላስቻላትም።

"ወንድምጋሼ፣ ልጄን በጭድ ሊያቆሟት ነው?"

"በጭድ ካልቆመች በእንጨትም አትቆምም።"

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት በሬዎቹ ከመግባታቸው በፊትና ውቂያው ካለቀ በኋላ ከመሪጌታ ጋር እቆም ነበር። መራመድ ለብዙ ቀን አልተፈቀደልኝም። ካህናት በዝማሜ ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብሉት፣ ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማመላለስ ብቻ ነው ሥራዬ። ሕመም ከመጣ ልቋቋመው አይገባም፤ ትንሽ መለስ ብዬ፣ ሕመሙ ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጌ እዚያ መቆየት አለብኝ። ለእኔ ይህ ከዳገቱ ይልቅ ከባድ ነበር። እኔ የማውቀው ጥርስ መንከስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት አገዳ ሰበርኩ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። የሰበርኩትን በሬዎቹ ይበሉታል። መሪጌታ "አንቺ ባትድኚ እንኳ በሬው ይወፍራል" ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መራመድ ስንጀምር አንድ ነገር አስተዋሉ። እየተራመድሽ አውሪኝ፣ ትምህርትሽን በዪልኝ አሉኝ። እኔም ደስ እንዲላቸው ከኬሚስትሪ በቃሌ የያዝኩትን በየእርምጃው ማለት ጀመርኩ፤ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም። አውድማውን ሁለት ጊዜ ከዞርን በኋላ አስቆሙኝ።

"ሂሊየምና ቤሪሊየም ምን በድለውሻል?"

አልገባኝም።

"እነሱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ይቆረጣል። ሌሎቹን ደህና አድርገሽ ትያቸዋለሽ።"

እንደገና ሄድኩ፤ እያዳመጥኩ። እውነታቸውን ነበር። ግራ እግሬን ባሳረፍኩ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ከወደቅኩባት ቀን ጀምሮ እንደዚያ ስራመድ ኖሬያለሁ፤ አጥንቱ ገጥሞ እንኳ እኔ ገና እየወደቅኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሂሊየምን ሳይቆረጥ ማለት ሆነ። ሲሳካልኝ ተረከዜ ራሱ መሬቱን ይፈልገው ጀመር፤ ትከሻዬም ሳላዘው ወረደ።

አንድ ጥፋት አጠፋሁ። መሪጌታ ለቅዳሴ በሄዱበት ቀን፣ ሲመለሱ ላስደንቃቸው ብዬ አንድ ቋት የሚሞላ ዱቄት አዝዬ ያንን ዳገት ወጣሁ። ስወርድ እግሬ እንደገና አበጠ። ሲመጡ ሁሉን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እግሬን አይተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ለእኔ ብለሽ ነው የምትቸኩዪው?"

እውነት ነበር።

"እኔን ማስደሰት ከፈለግሽ ጠላ ቅጂልኝ። እግርሽን ግን ለራስሽ ተዪው።"

ሦስት ቀን አረፍኩና ከመቆም ጀመርን። በኋላ ሸክም ሲመጣም በጭድ የተሞላ ጆንያ ነበር፤ በየቀኑ ከጭዱ ቀንሰን አንድ አንድ ጣሳ ገብስ እንተካበታለን። ገመዱንም በሁለቱም ትከሻዬ እኩል እንዲያልፍ አድርገው አሰሩልኝ። ከጥምቀት በፊት ደብራቸው ስለሚፈልጋቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ብቻዬን ሠራሁ። ማንም ሳያየኝ መሥራት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። አንድ አገዳ ሳልሰብር ያለፈ የመጀመሪያው ቀን ጥር ላይ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

የካቲት ሲገባ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሙሉ ስንቄን አዝዬ ወጣሁ። እመቤት ከፊት ነበረች። አባቴ ባዶ እጁን ከኋላ ይከተላል፤ ለምን እንደሚከተል አውቃለሁ፤ ካልቻልኩ ስንቁንም እኔንም ሊመልስ ነው። እጄ ላይ አንድ አገዳ ይዤ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀስ ብዬ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም ማለት ጀመርኩ። እመቤት ዞር ብላ "ዛሬ ፈተና አለ እንዴ?" አለችኝ። አለ አልኳት።

የወደቅኩበት ቦታ ስንደርስ ቆምኩ። ጭቃው ደርቆ አቧራ ሆኗል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። ከኋላዬ የአባቴ ትንፋሽ ሲቆም ሰማሁ። የእኔ አልቆመም። ጉልበቴን ላላ አድርጌ ግራ እግሬን ከድንጋዩ በታች አሳረፍኩ፤ መጀመሪያ ጣቱ፣ ከዚያ ተረከዙ መጣ። ሂሊየምን ሙሉውን አልኩት። አገዳው አልታጠፈም።

ወንዙን ተሻገርን። አባቴ ገመዴን ነካ ነካ አድርጎ አጠባበቀልኝና "እንግዲህ ዳገቱ የራስሽ ነው" ብሎ ተመለሰ። ግማሽ ዳገት ላይ ሆኜ ዞር ስል ግን አልሄደም ነበር፤ ወንዙ ዳር ቆሞ ሽቅብ ያየኛል። በአራት ሰዓት የሚያልቀው መንገድ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። እመቤት ስትቀልድብኝ፣ ስትጠብቀኝ፣ ቆሎ ስታቃምሰኝ አብራኝ ዋለች። ደባርቅ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ያን ዓመት ክፍሌን አልደገምኩም።

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ዳባት ወርጄ መሪጌታን ጠይቄያቸው ነበር። አርጅተዋል፤ ቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ከደጃቸው ሊቀበሉኝ ሲመጡ መቋሚያቸው ብብታቸው ሥር ነበር። እንዳየሁት አወቁ፤ ፈገግ አሉ። ከጎረቤት ክምር አንድ አገዳ መርጬ አመጣሁላቸው። ተቀበሉኝና ከላይ እስከ ታች አዩት።

"የዘንድሮ ገብስ አጭር ነው" አሉ። ከዚያ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በግቢው መሐል ቆሙ። "በይ፣ ያቺን ዜማሽን ምሪኝ።"

እኔ መራሁ፣ እርሳቸው ተቀበሉ። ሃይድሮጅን ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እንደገናም ጀመርን።

ዶርማችን አራተኛ ፎቅ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመን እንወጣለን። ስለ ፈተና እየተጨነቅሁ ስወጣ ዛሬም ትንፋሼ ግራ እግሬ ላይ ይያዛል። ያን ጊዜ ጀሪካኑን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ ተረከዜ እስኪመለስ ድረስ። ሰው ያልፈኛል፤ ይለፍ። ፊት የምቸኩለው ሰው እንዲያየኝ ነበር፤ አሁን የምወጣው ለመድረስ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ወደ ሜዳ ስንወጣ ደብተሬን አልይዝም።