በአንድ ቤት ሁለት ሞክሼ

መንገድ ላይ ሰው በስሜ ሲጠራኝ ቶሎ አልዞርም። መጀመሪያ ሲጠሩኝ ዝም እላለሁ፤ ሲደግሙኝ ነው ዘወር የምለው። ልጆቼ «ጆሮዋ ደክሟል» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! ጆሮዬ ደህና ነው፤ የጎረቤት ድመት ጓዳዬ ስትገባ እንኳ እሰማለሁ። ነገሩ የጆሮ ሳይሆን የልማድ ነው፤ ልማዱም የያዘኝ ገና በሙሽርነቴ፣ ቆሰበር ባል አግብቼ ስሄድ ነው። ስሜን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ግማሹ የኔ ስላልሆነ ብቻዬን ላወጣው ደስ አይለኝም።

ያደግሁት ዳንግላ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ አልቆ፣ በጭነት መኪና ተሳፍረን ቆሰበር ስንደርስ አማቴ ከደጃፍ ቆመው ይስቁ ነበር። ለካ ስሜን የሰሙት ያን ዕለት ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ስምና የኔ ስም አንድ ሆኖ ተገኘ።

«በአንድ ቤት በአንድ ስም ሁለት ሰው አይጠራም» አሉ አማቴ። «አንዷን ስጠራ ሁለታችሁም ብትመጡ ምን ላደርጋችሁ ነው?»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም በዓይነ ርግቤ ተሸፍኜ ሳቅሁ። ምን እንደሚቀርብኝ መች ገብቶኝ!

በኛ አገር አማት ለሙሽራ ስም ታወጣለች፤ ያለ ነው። ለኔም ቤቱን ሞላችው የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ወጣልኝ። ስሙ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ያምራል። ሙሽራም በተራዋ የባሏን ወገን በስማቸው አትጠራም፤ ነውር ነው። ለእያንዳንዳቸው የአክብሮት መጠሪያ ታወጣለች። እኔም የባለቤቴን ታላቅ ወንድም «ወንድም ጋሼ»፣ ሞክሼዬ የሆነችውን ታናሿን ደግሞ «እታለም» አልኳት። ሁሉም «እሰይ፣ አወጣጥ ታውቃለች» አሉኝ።

ያኔ ነው የተያዝኩት። የእታለምን ስም በአፌ መጥራት ነውር ነው። የእታለም ስም ደግሞ የኔ ስም ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ የገዛ ስሜን ማንሣት አልችልም ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ለሁለታችን አንድ ሰጥቶ የሄደው መልአክ ምን ቢቸኩል ነው እያልኩ ብቻዬን እነጫነጭ ነበር።

ምንጭ ስወርድ የሰፈሩ ሴቶች «ማን አሉሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ማን ነሽ አላሉም፤ ማን አሉሽ ነው ያሉት። የወጣልኝን ነገርኳቸው። አንዷ እንስራዋን እያዘለች «እኔን በድሮ ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከሞተች ቆየች» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እነሱ ተላምደውታል። ደግሞስ ስማቸው ሩቅ ነው፤ ትተውት መጥተዋል። የኔ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ይጠራል፣ ሌላ ሰው አቤት ይልበታል። ከተማው ራሱ ቆሰበርም ይባላል፣ እንጅባራም ይባላል፤ አንዱን ጣል ያለው ማንም የለም። ለአገር የተፈቀደው ለኔ ምነው ተከለከለ እል ነበር። እኔና እታለም በየስማችን ተለይተን የምንታወቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር፤ እዚያ ካህኑ በክርስትና ስማችን ይለዩናል።

እታለም ከኔ ጥቂት ብታንስ ነው። ገብስ የምንፈትገው አብረን ነበር፤ አንድ ሙቀጫ፣ ሁለት ዘነዘና። እሷ ስታነሣ እኔ አወርዳለሁ። አማቴ ከደጅ ስሙን ሲጠሩ ዘነዘናዬን አየር ላይ አቁሜ ቀና እላለሁ። «አንቺን አይደለም» ይላሉ። ቀና ማለቱን ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በአገውኛ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ከሰላምታ አላልፍም ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የምለየው አንድ ቃል ስሜን ነበር፤ እሱም የኔ አይደለም።

እውነቱን ልናገርና ልጅቷን ጠላኋት። ምን በድላኝ? ምንም። ስትጠራ እየሮጠች በመሄዷ ነው የጠላኋት። እሷ ግን ልቧ ንጹሕ ነው። ብቻችንን ስንሆን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሞክሼ» ትለኛለች። «ሞክሼ፣ ደክሞሽ እንደሆነ ተቀመጪ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።» በዚያ ቤት ስሙ የኔም መሆኑን የምታስታውሰው እሷ ብቻ መሆኗን ስረዳ ጥላቻዬ እያደር ሟሟ።

አንድ ቀን አባቴ ከዳንግላ በበቅሎ ሊጠይቁኝ መጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ዱቄት እነፋለሁ። ከቀርከሃው አጥር ማዶ ሰው ሲጣራ ሰማሁ። ድምፁን አልለየሁትም፤ ስሙን ግን ለየሁት። ለየሁትና ወንፊቴን መነቅነቄን ቀጠልኩ። እኔን አይደለማ!

እታለም «አቤት!» ብላ ወጣች። ወዲያው ተመልሳ «ሞክሼ፣ ውጪ! አባትሽ ናቸው!» አለችኝ።

እጄ ዱቄት እንደሆነ ወጣሁ። አባቴ ከካባቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ቆመዋል።

«ጠራሁሽ እኮ» አሉኝ።

«ሰማሁ» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ስሜ አስገባኋቸው።

ቤት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አማቴ በሙሽራ ስሜ ጠርተው ጠላ አምጪ አሉኝ። አባቴ የቤቱ ሠራተኛ የተጠራች መስሏቸው ወደ በሩ አዩ። የተነሣሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ዋንጫውን ከእጄ ተቀብለው «የልጄን ስም እኔ ነበርኩ ያወጣሁት» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። አማቴም «ስሙማ አለ፣ በዚሁ ቤት ይጠራል፤ አይዞዎት» ብለው ጨዋታውን ወደ አዝመራ ወሰዱት።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አባቴ ሲሰናበቱ ያሉትን ነው። በቅሏቸው ላይ ከወጡ በኋላ ጎንበስ ብለው ግንባሬን ስመው «በይ ደህና ዋይ» አሉና አማቴ ባወጡልኝ ስም ጠሩኝ። የሰውን ቤት ሥርዓት አክብረው ነው። አባቴ ጨዋ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ከቤቱ ጀርባ ሄጄ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ያወጣውም ከተወው ስሙ የማን ሊሆን ነው?

እናቴ ስትሸኘኝ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» ብላ መክራኝ ነበር። ለሌላ ሰው ደግ ምክር ነው፤ ለኔ ግን ዝምታ ሆኖልኝ አያውቅም። ዓይኔን ጠርጌ ገባሁና ጥጥ ከሚፈትሉት አማቴ ፊት ቆምኩ።

«እሜቴ፣ ስሜን መልሱልኝ» አልኳቸው።

እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ማን ወሰደብሽ?» አሉኝ።

«አባቴ ጠርተውኝ እኮ ዝም አልኩ! በገዛ ስሜ ጠርተውኝ ዝም አልኩ!»

እንዝርቱ ቆመ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም።

«እኔም እዚህ ቤት ስገባ ስም ነበረኝ» አሉ። «የሚያውቁት ሁሉ አፈር ገቡ።»

«ማን ነበር ስምዎ?»

መልሰው ማሾር ጀመሩ። «ተይኝ እስኪ። ዛሬ ብትጠሪኝም አቤት የምል አይመስለኝም።»

ወደ ወንፊቴ ተመለስኩ። ልቤ ግን አልረካም። የሳቸው መከራ የኔን አያቀለውም፤ ሁለት ይሆናል እንጂ።

ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ሲገባ እታለም ተዳረች፤ ጥሊሊ ወሰዷት። ሠርጓ ደመቀ፣ ዘፋኙም በላ ጠጣ ሄደ። በማግስቱ ቤቱ ጭር አለ። ስሙን የሚጠራ ጠፋ። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ይጠብቀው ጀመር። ገብስ ብቻዬን ስፈትግ እታለም የምትመታበት ፋንታ ባዶ ይቀርብኛል። አማቴም ዝምተኛ ሆኑ፤ ወንዶቹ እርሻ ሲውሉ ከማን ጋር በአገውኛ ያውሩ?

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ገብስ አስጥተን ነበር። ሰማዩ ሳይታሰብ ጠቆረ። አማቴ ወጥተው ዳመናውን አዩና በልማዳቸው ልጃቸውን ጠሩ፤ ጮክ ብለው፣ ስጡን አንሺ ብለው።

«አቤት!» አልኩ።

አስቤ አይደለም። ካፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ሮጬ ወጣሁ። አማቴ ከደጃፉ እንደቆሙ ያዩኛል፤ ልጃቸው አለመኖሯ ትዝ ያላቸው ያን ጊዜ ነው። ፊታቸው ልውጥውጥ አለ። ዝናቡ ጊዜ አልሰጠንምና ሰሌኑን በዚህና በዚያ ይዘን ገብሱን አስገባን። ገብሱን ካራገፍን በኋላ «እርጥብ ልብስሽን ለውጪ» አሉኝና በዚያው ስም ጠሩኝ። አሁን በስህተት አልነበረም፤ ዓይኔን እያዩ ነው የጠሩኝ።

ከዚያ ወዲያ አንዳንዴ በሙሽራ ስሜ፣ አንዳንዴ በዚያኛው ይጠሩኛል። እኔን ይሁን ልጃቸውን የሚጠሩት፣ ጠይቄ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ግን ደስታው ሙሉ አልሆነልኝም። ስሜ የተመለሰልኝ ሌላዋ ስታጣው ነዋ።

ማጣቷን ያወቅሁት ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ነው። እንግዳ ናት፣ አርፋ መቀመጥ ትችላለች፤ እሷ ግን ዘነዘናዋን አንሥታ ከሙቀጫው ማዶ ቆመች።

«ማን አሉሽ እዚያ?» አልኳት።

ነገረችኝ። «ያምራል» አልኳት፤ ለኔም ያሉኝ እሱን ነበር።

ጥቂት መታችና ቆም አለች። «ሞክሼ፣ ባለፈው ገበያ ላይ የኛ አገር ሰው በስሜ ጠራኝ። ዝም ብዬ አለፍኩት። ሌላ ሰው የሚጠራ መሰለኝ።» ዘነዘናዋን አሳርፋ ቀና ብላ አየችኝ። «እስኪ አንቺ ጥሪኝ።»

«ነውር ነው፣ እታለም። እሜቴ ቢሰሙኝስ?»

«አይሰሙም። እኔ እየመታሁ ጥሪኝ።»

ዘነዘናዋን አነሣች። እኔም እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በአፌ ያላነሣሁትን ስም ጠራሁት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «አቤት» አለችና በተራዋ እኔን ጠራችኝ። «አቤት» አልኳት። ደግሜ ጠራኋት፤ ደግማ ጠራችኝ። ገብሱን ተውነው። እየሳቅን እናለቅስ ነበር፣ ሁለት ሞኞች።

ያን ጊዜ ከደጅ አማቴ ስሙን ተጣሩ።

«አቤት!» አልን፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ። እንደ ልጅ ተጋፍተን በሩ ላይ ደረስን። አማቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ የሚነሣ ስጥ የለም፣ የሚገባ እንግዳም የለም።

«ምነው፣ እሜቴ?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉ፣ ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ። «ሁለታችሁም ትመጡ እንደሆን ብዬ ነው።»