ወገብ የማያሳምም ሻይ

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። መተማ ላይ አዋላጅ ሆኖ የማይቆጣ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ መብራት ሲያሰኘው ይሄዳል፤ በጤና ጣቢያችን አጥር ሥር የሚያልፍ የሰሊጥ ጭነት መኪና ሁሉ ክላክስ ሳያደርግ አያልፍም።

የሰሊጥ አጨዳ በጦፈበት ሰሞን፣ ምጥ የያዛት ልጅ በትራክተር ተሳቢ ተጭና መጣች። ከጎጃም ከባሏ ጋር ለአጨዳ የወረደች ናት። ባሏ ማሳ ላይ ስለነበር ያመጧት ሁሉም እማማ የሚላቸው የእርሻ ካምፑ ምግብ አብሳይ ናቸው፤ ከኮኪት ወዲያ ያለ ካምፕ ነው። ፔርሙሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ገና ከበሩ "ልጄን አደራ! ማርያምን፣ ልጄን አደራ!" እያሉ ይጮሃሉ። የወለዷት መስለውኝ ነበር። ለካ የተዋወቁት ካምፑ ውስጥ ነው።

ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። እማማ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ሳላስበው አብሬያቸው እልል አልኩ።

በማግሥቱ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። የሕፃን ለቅሶ መቼም ለእኔ ብርቅ አይደለም። ይሄ ግን ቀጭን፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ነው። እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ በላይ በላዩ ያስነጥሳል፣ ጡጫውን ይጠባል፤ ጡት ሲሰጡት ግን መያዝ ያቅተዋል። ትኩሳቱን ለካሁ፣ ስኳሩን አየሁ፤ ምንም የለም። እናትየውም በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይላታል፣ ታዛጋለች፣ ያልባታል። ወባ ነው ብዬ አስመረመርኳት፤ ወባም የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።

እማማ ግን በሽታውን አውቀውታል። "እንጥሉ ወርዶ ነው። ካልተቆረጠ አይተወውም።"

"እማማ፣ እዚህ ግቢ ማንም እንጥል አይቆርጥም!"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንቱን አስቆርጬ አሳድጌያለሁ!"

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ሲያንዣብብ ያዝኩት። "ጠያቂ ነኝ" አለኝ። ቦርሳውን ባስከፍተው ምላጭ። "ምላጩም ጠያቂ ነው?" ብዬ እስከ ባጃጁ ሸኘሁት። እናትየው ከዚያ ሁሉ ድካሟ ጋር ሳቀች።

እኔ ግን ጨንቆኛል። ልጁ ካልጠባ ጎንደር መላክ አለበት፤ መንገዱ ደግሞ ዝግ ነው። የጎንደሩ ሐኪም በስልክ "እናትየው የምትወስደው ነገር ይኖራል?" አለኝ። ይሄንንማ እኔም ጠርጥሬ ነበር። እዚህ ቆላው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሠራተኛ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስዳል፤ ከለመደው በኋላ መተው ጭንቅ ነው። ለብቻዋ ጠየቅኋት። "ኪኒን? እኔ? ኧረ ሲስተር፣ እርጉዝ ሆኜ!" አለች። የምትዋሽ አልመሰለችኝም።

እህል ሳልቀምስ ነበር የዋልኩት። እማማ አዩኝና "ነይ ቁጭ በይ፤ ቁጣሽ ከረሃብ ነው" ብለው ከፔርሙሳቸው ቀዱልኝ። ዝንጅብል የበዛበት፣ መረር የሚል ሻይ። ደገሙልኝ። ለአራስ አጥሚት እንጂ ሻይ አይሆንም ብለው ለልጅቱ ከወለደች ወዲህ አልሰጧትም፤ ሁሉም ለእኔ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቴ ቀለለኝ። በአጥሩ ሥር አንድ መኪና ክላክሱን ሲያምባርቅ ፈገግ አልኩ። እኔ! ያኔ ነው የባነንኩት። ሮጬ ወጥቼ የጠጣሁትን ሁሉ መለስኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

"እማማ፣ ሻዩ ውስጥ ምንድነው ያለው?"

"ቅመም ነዋ።"

"ሌላስ?"

"የወገብ ኪኒን ፈጭቼ ጣል አደርግበታለሁ። ለሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ጠዋት የማፈላው ይሄንኑ ነው። ለእሷማ ከሁሉም አስበልጬ ነበር የምቀዳላት፤ እርጉዝ አይደለች እንዴ?"

ልጁ በማህፀን ሆኖ ከሻዩ ሲካፈል መኖሩን፣ ሲወለድ እንደቀረበት፣ አሁን የሚያስጮኸውም እሱ መሆኑን ነገርኳቸው። እማማ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ነኛ" አሉ፤ "ወይኔ፣ በገዛ እጄ!" ልጅቱ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐኪሙ ለእናትየው መድኃኒቱ በእኛ ቁጥጥር ቀስ በቀስ እንዲቀነስላት አዘዘ። ለልጁ ደግሞ ጸጥ ያለ፣ ጨለም ያለ ክፍል፣ የእናቱ ገላና ቶሎ ቶሎ ጡት። ጸጥታ፣ መተማ ላይ! መስኮቱን በጭነት መሸፈኛ ሸራ ጋረድኩት። እማማ ደጅ ወጥተው አስፋልቱ ዳር ቆሙ። እኒያ ሲናገሩ ካምፑን የሚያናውጡ ሴትዮ፣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሾፌሩን ሁሉ በእጅ ይለምናሉ። አንዱ ፖሊስ መስለውት ፍጥነቱን ቀነሰ አሉ። ሳቄ መጣ፤ አንጀቴንም በሉት። ጎን ለጎን ካምፑ ሻዩን እንዲያቆም፣ ሠራተኛውም መጥቶ እንዲታይ ላክሁበት። ወደ ክፍሉ ግን እማማ አልገባም አሉ። አጥሚቱን በር ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ።

ልጅቱ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ለማንም አትሰጥም። እኔ ልያዝልሽ ብላት እንኳ እምቢ። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ደም መሰለ። ለቅሶው እየሳሳ፣ መንቀጥቀጡ እየቀነሰ መጣ፤ አንድ ከሰዓት ጡቱን ግጥም አድርጎ ይዞ እስኪጠግብ ጠባ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ደስታዬን መደበቅ አልችልበትም።

ልጅቱ ግን በሩን በሩን ታያለች። "እማማን ጥሪልኝ" አለችኝ። ፈራሁ። የሆዷን ልታወጣው ነው፤ ብታወጣውስ ማን ይፈርድባታል? እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡና እግሯ ሥር ቆሙ። ልጅቱ ሕፃኑን ከደረቷ አንስታ ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ጎኗን አሳረፈች።

"ለእኔ?" አሉ እማማ በሹክሹክታ።

ልጅቱን ግን እንቅልፍ ወስዷታል።