ላልቶ የተነበበ

ቢላዋ ብራና ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም አንዳንድ ጠዋት ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል፤ ደረቅ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነው፣ ግን ያደግሁት በእሱ ነው። አባቴ ቅኔ ተምሮ፣ ባቡሩን ተከትሎ ከሸዋ ደጋ ናዝሬት የወረደ ጸሐፊ ነበር፤ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጣቢያው ጀርባ በነበረችው ቤታችን ተቀምጦ ለአንዱ ደብዳቤ፣ ለሌላው የሐዘን ግጥም እየጻፈ ያሳድገን ነበር።

በበጋ፣ አቧራው ቤቱን ሲሞላው፣ ታላቅ ወንድሜን ኃይሉን ግጥም ሲያስተምረው እኔ ብራና እየፋቅሁ እሰማ ነበር። ኃይሉ ድምፁ መረዋ፣ ጭንቅላቱ ግን ድንጋይ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ይህን ከማለት አልመለስም። አባቴ ጆሮዬ ንቁ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ፊደል አስቆጥሮ እኔንም ይፈትነኝ ጀመር። ስንኝ ይዤ ስቀርብ፣ «ቤት መታ እንጂ ምን አለ? ፋቂው» ይለኝ ነበር፤ ፍቄ ስመለስ ደግሞ፣ «ገና ስብ አለበት፤ ስቡ ያልወጣ ብራና ቀለም አይቀበልም» ብሎ ይመልሰኛል።

አንድ ክረምት እናታችን በወባ ሞተች። ማለዳ ማለዳ ከጓሮ ሆና ስማችንን እየጠራች የምትቀሰቅሰን እሷ ነበረች፤ ከተቀበረች በኋላም ሲነጋ ድምጿ ይሰማኝ ነበር። ያንን ጻፍሁ። ስምንት ስንኝ ነበር፤ አባቴ ሳምንት ሙሉ ሲያስፍቀኝ ከርሞ ሁለት ቀሩ፤

አፈር ተመልሶ መቃብር ሲዘጋ፣
ትሰማለች እማ ሌሊቱም ሲነጋ።

«ትሰማለች» የሚለውን አጥብቄ አነበብሁለት፤ ድምጿ ይሰማል ማለቴ ነበር። አባቴ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰና፣ «ከእንግዲህ ቢላዋ እንዳታስነኪው» አለኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በተዝካሯ ራሴ እንደማነበውም አልተጠራጠርሁም።

አርባዋ መስከረም ላይ ዋለ። አባቴ ብራናውን ለኃይሉ ሰጠው። «አባባ፣ የኔ እኮ ነው» ስለው፣ «ሴት ከሴቶች ጋር ታልቅስ እንጂ በካህናት ፊት ቆማ አታነብም፤ ዝም በይ» አለኝ። ኃይሉ ዳሱ መካከል ቆመና፣ በዚያ መረዋ ድምፁ፣ «ትሰማለች»ን አላልቶ አነበበው። የምትጣራው እናቴ ከመቃብር ሆና የምታዳምጥ ሬሳ ሆነች። ካህናቱ «ይበል! ይበል!» አሉ። አባቴን አየሁት፤ ስህተቱን ሰምቷል፣ ግን ዐይኑን ከኔ አሸሸ። አንዲት ፊደል እንኳ ያልተሳሳተ ጽሑፍ በሰው አፍ ሲበላሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አባቴን ይቅር ብዬዋለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ፣ ሴቶቹም፣ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ የጻፉትን ራሳቸው ያነባሉ፤ ደስ ይለኛል፣ እቀናለሁም። ኃይሉ ግን ሸምግሎም በየለቅሶው ያችኑ ሁለት ስንኝ አላልቶ ይላታል። በቀደም፣ «ወንድምዓለም፣ ጠብቆ እኮ ነው የሚነበበው» አልሁት። ፈገግ ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና፣ «ተዪ እንጂ እቴ፤ የጻፈው ያውቃል» አለኝ።