ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበላ፣ ገዳሪፍ

ስንሻው ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ነበር የምለው ስልክ መጥቶ እንጀራውን ስለዘጋበት ነው። ከመተማ ቆላ ለአረም ወርዶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ወገቡ ለአረም አልሆነለትም፤ እጁ ግን ብዕር ይወዳል። እኔ ልብስ በምሰፋባት የሣር ዳስ፣ እዚህ ራኩባ በምንላት፣ አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቶ ለጎንደር ልጆች ደብዳቤ ይጽፍላቸው ጀመር። የእሱ ደብዳቤ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጃል። ከእናት ጀምሮ እስከ ጥጃዋ ጤና ይጠይቃል፣ ዝናቡን ያነሣል፣ ፈጣሪን ያመሰግናል፤ ልጁ ወባ ይዞት ተኝቶ እንደሆነ ያ ወሬ የሚገኘው ከታች፣ ከፊርማው አጠገብ ነው። እናቶቹ ግን ገና ከሰላምታው እያለቀሱ ይሰሙት ነበር አሉ።

እኔ ብርሁ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ስንሻው፣ ዋናውን ነገር ከላይ ብታደርገው ምን አለበት?» ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ሰላም ሳይሉ ነገር መጀመርማ ብልግና ነው» ይለኛል፣ ኮስተር ብሎ። አሁን ፎርም ይሞላል፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል። የቀረውን ጊዜ በለጠችን ሲያይ ይውላል።

በለጠች ከራኩባችን ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት። የአርማጭሆ ሴት ናት፤ ባለሙያ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ስንሻው ሰባት ዓመት ሙሉ ምሳውን እዚያ በልቷል። ይወዳታል። ሱጉ፣ ገበያው በሙሉ፣ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ማንም ያላወቀበት ይመስለዋል። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱም በዚያች «ጋሼ» ይታመማል።

ሐምሌ እንደገባ በለጠች መጥታ ራኩባችን ደጃፍ ቆመች። መናኸሪያው አጠገብ አዳዲስ ምግብ ቤቶች ከተከፈቱ ወዲህ ወደ እሷ ዘልቆ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ቤቱ ባዶውን እየዋለ ነው» አለች። «ፋው ከተማ ያለ የእርሻ ካምፕ ለወጥ ቤቱ ጠርቶኛል። ፍልሰታ እስኪፈታ አያለሁ። ሰው ካልመጣ በማግሥቱ መኪና ይልኩልኛል።»

የስንሻው ፊት አመድ መሰለ። ምሳውን እንኳ ሳይበላ ዋለ።

መላ ያመጣው ከጎናችን ስልክ የሚጠግነው ጀማሉ ነው። ሱዳን ያደገ ሰው ስለሆነ ዐረብኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለ ነው የሚያወራው። «ድረ ገጽ እንሥራላት» አለ። «ሠራተኛው በገላባት ድንበሩን ተሻግሮ መኪና ሲጠብቅ ስልኩን እየነካካ ነው የሚውል። ፈልጎ ያገኛታል። ገጹን እኔ እሠራለሁ፣ ጽሑፉ ያንተ።»

ስንሻው ሦስት ቀን ጻፈ። «ከአገር ከወገን ርቃችሁ በሰው ምድር ለምትንከራተቱ ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለመሆኑ እንደምን ሰነበታችሁ?» ብሎ ጀመረ፤ ክረምቱን አነሣ፣ ናፍቆትን አነሣ፣ መጨረሻ ላይ «የእናት እጅ የሚሸት ማዕድ» አለ። እውነቴን ነው፣ እኔም ትንሽ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ግን ከላይ እስከ ታች ገዳሪፍ የሚል ቃል የለበትም። ምግብ የሚልም የለበትም። በሁለት ሳምንት ገጹን ያዩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ እኛው ነን።

«ያ ዞል» አለው ጀማሉ፤ ሱዳኖች ሰው ሲጠሩ እንደሚሉት። «ይሄ የኢንተርኔት መፈለጊያ ናፍቆት አይገባውም። ሰው የጻፈለትን ቃል ይዞ፣ ለዚያ ቃል መልስ ያለው ገጽ የት ነው ብሎ ይሄዳል። የራበው ሰው ማዕድ ብሎ ይጽፋል? ቁልፍ ቃል ማለት ፈላጊው ራሱ የሚጽፈው ነው፣ አንተ የምትወደው አይደለም።»

ስንሻው አንድ ነገር ከገባው ደግሞ ልክ አያውቅም። በማግሥቱ ገጹን «ምግብ ገዳሪፍ፣ ምግብ ቤት ገዳሪፍ፣ ጥሩ ምግብ ገዳሪፍ» እያለ ሞላው። ያም አልበቃው ብሎ ሰው ይፈልገዋል ያለውን ሁሉ ጨመረበት፤ ሥራ፣ ቪዛ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የሾዋክ አውቶቡስ። የበለጠች ስልክ መጮኽ ጀመረ። አንዱ ሰውዬማ የሾዋክ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ካልነገርሽኝ ብሎ ተጣላት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጥርስ በስንት ትነቅያለሽ ተባልኩ» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ስንሻው አልሳቀም።

«ኻላስ፣ በቃ አጥፊው» አለው ጀማሉ። «የሌለሽን ነገር አለኝ ብለሽ የጠራሽው ሰው ተናዶ ነው የሚወጣው። መፈለጊያውም ይነቃብሻል፣ ገጹን ወደ ታች ይጥለዋል።» ሲናደድ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል።

«መናኸሪያ ሄደህ ሰዎቹን ለምን አትሰማቸውም?» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህ እንዳይረሳብኝ።

ስንሻው ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ያ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማውን ሲጎትተው፣ ረቡዕና ዓርብ መናኸሪያ ዋለ። ከገላባት የሚወርዱት የጎንደር ልጆች ምግብ ቤት የት ነው ሲሉ አልሰማም። «የጾም ምግብ አለ ወይ?» እንኳ አላሉም። መልሰው መላልሰው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበላ ይገኛል?»

ነገሩ ወዲህ ነው። የጾመ የአገሬ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። የገዳሪፍ ድስት ደግሞ በስምንት ሰዓት ታጥቦ ተደፍቷል። ስንሻው ይህን ሲነግራት በለጠች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔስ ብሆን በጾም የምበላ በዘጠኝ ሰዓት አይደለም? ድስቱን ግን ከሰው እኩል በስምንት አጥባለሁ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በጾም ቀን ወጧን በስምንት ሰዓት ትጥድ ጀመር።

ሦስተኛው ገጽ ዐሥራ ሁለት መስመር ነው። ከላይ፣ ርእሱም የመጀመሪያ መስመሩም ላይ፣ «በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበላ ምግብ፣ ገዳሪፍ» ይላል። ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት። ከዚያ ከመናኸሪያው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ከዚያ ስልክ። ሰላምታ የለውም። ስንሻው ይህን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ፤ አሳዘነኝ። ጀማሉም ጨክኖ አልቀረም፣ «እንደምን ሰነበታችሁ» የምትለዋን ከታች፣ ከስልኩ አጠገብ አስገባለት።

ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ የሆነ ዐሥራ አንድ ሰዎች መጡ። የፊተኛው ስልኩን እያሳየ፣ «እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት የሚበላበት ይሄ ነው?» አለ። ስንሻው ከራኩባው ተነሥቶ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። በሳምንቱ መቀመጫ ጠፋ፤ የኔን ወንበር ሳይቀር ወሰዱት፣ ባልዲ ደፍቼ ነው የሰፋሁት።

ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። በለጠች ግን ሻንጣዋን አሥራ በሩ ላይ አስቀምጣለች።

«ምነው? ቤቱ ሞልቶ የለም ወይ?» አልኳት።

«ሰሊጡ ከታጨደ ሠራተኛው ወደ አገሩ ይመለሳል። ፋው ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለ» አለች። ስትመልስልኝ የምታየው ግን ስንሻውን ነው። «እዚህ የሚያስቀረኝ ምን አለ?»

ስንሻው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጣት። ሦስት ገጽ ነው። በለጠች ቆማ አነበበች። የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ገለጠች፣ ገና ጤንነቷን እየጠየቀ ነው። አጠፈችና መለሰችለት።

«ስንሻው» አለች። ጋሼ አላለችም። «ፈላጊው የሚፈልገው ቃል የታለ?»

ሰውየው ላብ አጠመቀው። እኔ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ፣ ጀማሉ ከሱቁ ብቅ አለ።

«አትሂጂ» አለ ስንሻው። «አግቢኝ።»

«ሰባት ዓመት ፈልጌዋለሁ» አለችና ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።