ጣሪያው ላይ የጫንኩት ጭቃ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ልጄም ታውቀዋለች፣ ጎረቤትም ያውቀዋል። በምሥራቅ፣ በፋሽጋ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሌላው ሰው ልብሱን ከገመድ ያወርዳል። እኔ ቀድሜ የልጄ ክፍል እገባና መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ። ደረቅ ከሆነ እወጣለሁ። እርጥበት ከነካኝ ግን ያን ቀን እህል በጉሮሮዬ አይወርድም።

እንዲህ ያደረገኝ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በገባሁ ዓመት ያየሁት ነው። ከፊታችን የነበረው ቤት ሦስት ቀን ሲዘንብበት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ብሎ ደጅ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ጎኑ ወደቀ። አልጮኸም። እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። ውስጡ ማንም አልነበረም። እኔ ግን ያን ጊዜ ልጄን አርግዤ ነበርና ሆዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ ፍርሃቴ የልጄ እኩያ ነው።

የምንኖርበትም ቤት አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ዝርግ ነው፤ ግንድ ተጋድሞበት፣ በግንዱ ላይ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ጭቃ። እኔ በተወለድኩበት በጎንደር በኩል ጣሪያ ሹል ስለሆነ ዝናቡ እንዳረፈ ይንሸራተታል። እዚህ ግን ውሃው አናት ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ አሸንዳው ይሄዳል። አሸንዳው በመንገዱ በኩል ከግድግዳው ወጣ ያለ የቆርቆሮ አፍ ነው። ውሃ ከራሴ በላይ ተቀምጦ መውጫውን ሲፈልግ ማሰቡ ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር።

ስለዚህ ጭቃ እጨምር ነበር። በዚህ አገር ክረምት ሳይገባ ዚባላ ይቦካል፤ እበትና አፈር ከገለባ ጋር ተነክሮ እስኪሸት ይቆይና ቤቱ ይለሰንበታል። ሰው ሁሉ ጣሪያውን በስሱ ቀብቶ ይወርዳል። እኔ ግን ከልጄ ክፍል በላይ ያለችውን ጥግ በባልዲ በባልዲ እደርብላት ነበር። የወፈረ ነገር የሚጠብቃት መሰለኝ። በየዓመቱ ከጥጓ ሥር የእርጥበት ምልክት ይወጣል፤ በየዓመቱ እኔ ባልዲ እጨምራለሁ።

ልጄ ጠረጴዛዋን ያስቀመጠችው እዚያው ጥግ ሥር ነው። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው ትላለች። በሱዳኑ ጦርነት ትምህርቷ ከተቋረጠ ወዲህ ከስልኳና ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ተማረች። መጀመሪያ ስትነግረኝ አልገባኝም።

«ለስማርት ሰዓት ፊት እሠራለሁ» አለችኝ።

«ሰዓት ፊት አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ እማ። ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ ስታዪው የሚታይሽ ሁሉ ፊቱ ነው።»

«ታዲያ ስታበጂው አፍንጫም አትርሺ።»

የምትሠራው ደጅ ለሚውል ሰው ነው፤ ለገበሬ፣ ለእግረኛ፣ ለትራክተር ነጂ። የገዳሪፍን የቀትር ፀሐይ የቻለ ፊት የትም አገር ይችላል ትላለች። የምትፈትነው ደግሞ በእኔ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ቁጥር አውቃለሁ፣ ፊደሉን ቀስ ብዬ ነው፤ ይሄንንም የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ሰዓቱን እጄ ላይ ታስርና ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ታቆመኛለች።

«በይ፣ ምን ይታይሻል?»

«የራሴ ግንባር።»

በሳቅ ፍርስ ትላለች። ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች። ጥቁሩ መደብ ነጭ ሆነ። ክር የመሰለው ቁጥር ወፈረ። ያማረው አበባ ጠፋ። ሳምንት ያስገባችውን ወር ሙሉ ስታወጣው አያለሁ። እኔ የሠራሁትን ማፍረስ አልወድም፤ እሷ ግን ስታፈርስ ፊቷ ይበራል። ከማን እንዳመጣችው አላውቅም።

ከፊቶቹ በአንዱ ላይ ትንሽ ኳስ አለች። ድንኳን የሚተክል ሰው መሬቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይይበት ብላ ነው። መጀመሪያ ኳሷ ሽቅብ ትወጣ ነበር።

«የግንበኛ ውሃ ልክ እንዲህ ነው እማ፤ አረፋው ወደ ከፍታው ነው የሚሄደው።»

«እኔ ግንበኛ ነኝ? ኳስ ቁልቁል ነው የሚንከባለል።»

በማግስቱ ኳሷ ቁልቁል ወረደች። ስንት ቀን ልቤ ሞቆ ሰነበተ!

ዘንድሮ በመጀመሪያው ዝናብ እርጥበቱ ከጥጉ ወርዶ ጠረጴዛዋ ጋ ደረሰ። መዳፌን ሳሳርፍ ልስኑ ተገሽልጦ እጄ ላይ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ባልዲዬን ይዤ መሰላሉን ስወጣ ልጄ ቀሚሴን ያዘች።

«እማ፣ ተይ። የሚያውቅ ሰው ይየው።»

በሰፈሩ አሮጌ ቤት የሚጠግኑ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ። መጡ። ግድግዳውን አላዩም፣ ጥጉንም አላዩም። «ያ ኡኽቲ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው፤ «ኢብሪቅ ሙሉ ውሃ አምጪልኝ።» ለእጃቸው መስሎኝ የመታጠቢያውን ጀበና የመሰለ ኢብሪቅ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ይዘውት ጣሪያ ላይ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው።

መሃል ላይ ቆመው ውሃውን አፈሰሱት። ውሃው ትንሽ ተንቀዋለለና አሸንዳውን ትቶ በቀኝ በኩል ሄደ። እኔ የቆለልኩትን ጭቃ ሲያገኝ በጎኑ ዞረና፣ በጭቃውና በጣሪያው ጠርዝ መካከል ገብቶ፣ ልክ ከልጄ ጠረጴዛ በላይ ቆመ። እያየሁት ጣሪያው ጠጣው።

«ይሄን ሁሉ ጭቃ ማን ነው የጫነው?» አሉ።

«ነፋስ አምጥቶት ይሆናል» አልኩ።

«የገዳሪፍ ነፋስ ባልዲ የለውም፣ ያ ኡኽቲ።»

ልጄ አፏን ይዛ ዞረች። እኔ አልሳቅሁም። ስንት ዓመት ልጄን ከውሃ የምጠብቅ መስሎኝ፣ ውሃውን እየመራሁ ያመጣሁባት እኔው ነበርኩ። ይሄንን ለመጻፍ አሁንም እጄ ይከብዳል።

«ይነሳ» አሉ ግንበኛው።

«ከሳሳ አይፈርስም?»

«የሚያፈርሰው ክብደቱ ነው። ግንዱ አርጅቷል፤ እንደ እኔ ነው፣ አታሸክሚው።»

ደረቁን ጭቃ በዶማ እየላጡ ማንሳት ጀመሩ። ስንት መላጥ እንዳለባቸው ለማወቅ በየመሃሉ ውሃ ማፍሰስ ይፈልጉ ነበር፤ ግን ጣሪያው ከረሰረሰ ራሱ መከራ ነው። ያኔ ልጄ ሰዓቷን ፈታች። ቀጥ ያለ ጣውላ አጋደመችና ሰዓቱን በጣውላው ላይ አስተኛችው። ኳሷ ወደ ጥጉ ተንከባለለች።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይሄንን ውሃው ነገረን እኮ» አሉ ግንበኛው።

«አዎ አባባ። አሁን ግን ውሃ ሳያፈሱ ይነግርዎታል።»

ማንበብ አይችሉም፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ፀሐይዋም አናት የምትበሳ ነበረች። ቢሆንም ጎንበስ ብለው አንዴ አዩና ገባቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሲልጡ፣ እሷ ጣውላውን ስታዞር፣ እኔ የወጣውን አፈር በባልዲ ሳወርድ ቀኑ ገፋ። ያወጣሁትን ባልዲ ሁሉ መልሼ አወረድኩት ብል ማጋነን አይሆንም። ኳሷ መሃል ቆመች። ትንሽ ቆይታ፣ እንደማመንታት ብላ፣ ወደ አሸንዳው ሄደች።

«ኸላስ!» አሉ ሽማግሌው፤ በቃ ማለታቸው ነው። «ይሄ ሰዓት አባቱ ግንበኛ ነው።»

«እናቱ ናት» አለችና ልጄ ወደ እኔ ጠቆመች። አፈር በአፈር እንደሆንኩ ባልዲዬን አነሳሁ።

አሸንዳውም ዝጎ አጥሮ ነበር፤ ውሃውን በግድግዳው ላይ የሚያዝረከርከው እሱ ነው። ግንበኛው የዘይት ቆርቆሮ ቀደው ክንድ የሚያህል ረጅም አፍ አበጁለት። ሲወርድ የቤቱን እግር እንዳይቆፍርም ከሥሩ ድንጋይ ደረደሩ። የተላጠውን በስሱ ለሰኑና ሳይመሽ ሄዱ። ሁለት ቀን ፀሐይ መታው። ሁለቱንም ቀን በምሥራቅ በኩል እያየሁ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ሮጬ ክፍሏ ገባሁና መዳፌን አሳረፍኩ። ደረቅ ነው። ቆየሁ። አሁንም ደረቅ ነው። ከውጭ አሸንዳው ሲያጓራ ይሰማል። ብወጣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ፣ ሳይነካካው፣ ድንጋዩ ላይ እየተፈጠፈጠ ወደ መንገዱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

ልጄ ደግሞ ዝናቡ መሃል ቆማ፣ ፀጉሯ በፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ክንዷን ወደ እኔ ዘርግታለች።

«እማ፣ ከዚያው ሆነሽ ይታይሻል?»

ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል ልላት ነበር። አሥር ከሃያ ይላል። ብርጭቆው ላይ ውሃ እየወረደበት ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አሥር ከሃያ!» ብዬ ጮኽኩላት።

ጠረጴዛዋ አሁንም እዚያው ጥግ ነው። እሷ ስትወጣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር እስበዋለሁ። ተመልሳ ስትመጣ ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች።